ካርቶን ላይ ቁጥር ለምትጽፉ ሁሉ

ለ፦ ስልክ፣ ራውተር፣ ኢርፎን፣ ፓወር ባንክና ቴሌቪዥን አምራቾች
ለ፦ የዩኤስቢ፣ የዋይፋይ፣ የብሉቱዝና የኤችዲኤምአይ ደረጃ አውጪ ማኅበራት
ለ፦ መጽሐፍ፣ ፊልምና ጨዋታ በዲጂታል ለሚሸጡ መደብሮች

ጉዳዩ፦ ከቁጥሩ ጎን ሁኔታው እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ካርቶኖቻችሁ ላይ የሚታተመው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆን ይሻል ነበር፤ ውሸት ይጋለጣል፣ ዕቃውም ይመለሳል። የእናንተ ቁጥር ግን በሆነ ቮልት፣ በሆነ ርቀት፣ በሆነ ላቦራቶሪ ውስጥ እውነት ነው፤ የት እንደሆነ አትናገሩም እንጂ። በፓወር ባንክ ለምሳሌ ሰሙ 20000 ነው፣ ወርቁ 13000። ሰምና ወርቅ ቅኔ ውስጥ ያምራል፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ግን ገዢውን ተማሪ ቤት ያስገባዋል። ከሁሉ የምታስቸግረው ደግሞ “እስከ” የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት። “እስከ 1900 ሜጋቢት”፣ “እስከ 30 ሰዓት”፣ “እስከ 5000 ሜጋባይት”። ዜሮም እኮ እስከ 1900 ድረስ ባለው ውስጥ ነው።

ጥያቄያችን አንድ ነው። ቁጥሩን አታጥፉት፤ ቁጥሩ እውነት የሚሆንበትን ሁኔታ ግን አጠገቡ፣ በዚያው የፊደል መጠን ጻፉ። ምን ማለታችን እንደሆነ በየዕቃው እናሳያለን። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ከፓወር ባንክ እንጀምር። 20000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር የሚሰላው ውስጡ ባሉት የሊቲየም ሴሎች ቮልት፣ ማለትም በ3.7 ነው። 20 አምፔር ሰዓት በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይሆናል። በዩኤስቢ የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። 74 ለ5 ሲካፈል 14800 ሚሊአምፔር ሰዓት ይመጣል። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት ከዚሁ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በሙቀት ይበላል፤ የቀረው 13000 ገደማ ነው። አሁን 5000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ስልክ እንውሰድ። በ3.85 ቮልት ሲሰላ 19 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ከፓወር ባንኩ በትክክል የሚወጣው 64 ዋት ሰዓት ለ19 ሲካፈል ሦስት ከምናምን ነው፤ ስልኩ ራሱ ሲሞላ የሚያባክነው ሲቀነስ ደግሞ ሦስት ጊዜ መሙላቱም ያጠራጥራል። ገዢው ግን 20000ን ለ5000 አካፍሎ፣ አራት ጊዜ ይሞላልኛል ብሎ ነው የወሰደው። ጥሩ አምራቾች ትክክለኛውን ቁጥር ከጀርባ፣ ከማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ መሃል ያትሙታል። ያው ቁጥር ፊት ለፊት ይምጣ ነው የምንለው። ከዚያም የሚሻለው ዋት ሰዓትን ዋና ቁጥር ማድረግ ነው። ዋት ሰዓት ቮልት ስለማይቀይረው ስልክን ከላፕቶፕ ጋር ያስተያያል። አየር መንገዶችም ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያሳፍሩትን ባትሪ የሚወስኑት በእሱ ነው፤ ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው።

አምራቹ ይህን እስኪያደርግ ገዢው ሚዛን ይጠቀም። 18650 የሚባለው የተለመደ ክብ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ አቅሙም ብዙውን ጊዜ ከ3500 ሚሊአምፔር ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ 20000 የሚል ፓወር ባንክ ቢያንስ ስድስት ሴል፣ ቀፎውን ሳይጨምር ከ270 ግራም በላይ መሆን አለበት። 50000 የሚል ዕቃ በአንድ እጅ ሲነሳ እንደ ስልክ ከቀለለ፣ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ለመገመት መፍታት አያስፈልግም።

ወደ ገመድ እንለፍ፤ ትልቁ ብሶት እዚህ ነው። ዩኤስቢ ሲ በ2014 ሲወጣ ተስፋው አንድ ገመድ ለሁሉም የሚል ነበር። ቅርጹ በእርግጥ አንድ ሆነ። ሥራው ግን አልሆነም። ዓይን የማይለያቸው ሁለት ገመዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ ሌላው 40 ጊጋቢት ያሳልፋል፤ ልዩነቱ ከሰማንያ እጥፍ በላይ ነው። 50 ጊጋባይት ቪዲዮ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ለማውረድ የመጀመሪያው ገመድ በተግባር ከ20 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። በ10 ጊጋቢት ገመድ፣ ሁለቱም ዕቃዎች ከደረሱበት፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ከስልክ ጋር በካርቶኑ የሚመጣው ገመድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ስልኩ ራሱ ፈጣን ቢሆንም እንኳ።

የኃይሉም ነገር እንዲሁ ነው። ተራ የሲ ገመድ 3 አምፔር፣ በ20 ቮልት ሲሰላ 60 ዋት፣ ያሳልፋል። 5 አምፔር ለማሳለፍ ጫፉ ውስጥ ኢማርከር የሚባል ትንሽ ቺፕ ያስፈልገዋል። ቻርጀሩ ያንን ቺፕ አንብቦ “ይህ ገመድ ይችላል” ካላለ ከ3 አምፔር አያልፍም። በቺፑ 100 ዋት፣ በ2021 በወጣው ደረጃ ደግሞ እስከ 240 ዋት ይደረሳል። ባለ 100 ዋት ቻርጀርና ላፕቶፕ ገዝቶ፣ መሃል ላይ ባለ 60 ዋት ገመድ የሰካ ሰው የሚያየው “በዝግታ እየሞላ ነው” የሚል መልእክት ብቻ ነው። ቻርጀሩን ይወቅሳል፣ ላፕቶፑን ይወቅሳል፣ ገመዱን ማንም አይጠረጥረውም። ሌላ ወጥመድም አለ፤ 240 ዋት የሚችል ወፍራም ገመድ መረጃ በ480 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ሊሆን ይችላል። ውፍረት ለኃይል ነው እንጂ ለፍጥነት አይመሰክርም።

ከዚህ የባሰው ሬዚስተር የሚቀነስባቸው ዕቃዎች ናቸው። ደረጃው የሚለው ግልጽ ነው፦ በሲ ሶኬት ኃይል የሚቀበል ዕቃ ሲሲ1 እና ሲሲ2 በሚባሉት ሁለት እግሮች ላይ ለየብቻ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተር ይኑረው። ቻርጀሩ “ሰው አለ” ብሎ ኃይል የሚለቀው እነዚህን ሲያይ ነው። ፋኖስ፣ ስፒከር፣ ጸጉር መላጫ የሚሠሩ ብዙ አምራቾች ሁለቱን ሬዚስተሮች ይተዋሉ። ውጤቱ የታወቀ ነው፤ ዕቃው አንድ ጫፉ ትልቁ የድሮ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ይሞላል፣ ሁለቱም ጫፍ ሲ በሆነ ገመድ ግን ፈጽሞ ዝም ይላል። ባለቤቱ ተበላሸ ብሎ ይጥለዋል። አይጣል፤ በድሮው ገመድ ይሞከር። ብየዳ የሚችል ሰው ደግሞ ከየእግሩ ወደ ግራውንድ አንዳንድ 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተር ቢያስገባ ይድናል። አንዱን ለሁለቱ ማጋራት ግን አይሠራም። በ2019 የወጣው ራስቤሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር በመጀመሪያው ዕትሙ እንደዚያ ተሠርቶ፣ ኢማርከር ባለው ገመድ ሲሰካ ቻርጀሩ የድምፅ መለዋወጫ መስሎት ኃይል ይከለክለው ነበር። በኋለኛው ዕትም ታረመ። በሌላ አቅጣጫም አደጋ አለ፦ ከድሮው ዩኤስቢ ወደ ሲ የሚሄድ ገመድ 56 ኪሎኦም ሬዚስተር መያዝ ሲገባው 10 ኪሎኦም ከያዘ፣ ግማሽ አምፔር ብቻ መስጠት ከሚችል የኮምፒውተር ሶኬት ላይ “3 አምፔር ውሰድ” ብሎ ለስልኩ ይነግረዋል። የሚቃጠለው ሶኬቱ ነው።

ለዩኤስቢ ማኅበር የተለየ ቃል አለን። በ2008 ዩኤስቢ 3.0 የተባለው፣ በ2013 ዩኤስቢ 3.1 ጄን 1፣ በ2017 ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 ተባለ። ሦስት ስም፣ ያው 5 ጊጋቢት። ስሙ በየጊዜው ሲያድግ ፍጥነቱ ባለበት ቆሟል። በ2022 ግን ስሙን ሁሉ ትታችሁ ፍጥነቱንና ዋቱን ብቻ የሚያሳይ ምልክት አወጣችሁ፤ “40 ጊጋቢት፣ 240 ዋት”፣ ሌላ የለም። እጅግ ትክክል ነው። የቀረው ሁለት ነገር ነው። ምልክቱ ምስክር ወረቀት ለወሰደ ዕቃ ብቻ ስለሆነ ገበያው ላይ ያለው ብዙው ገመድ ባዶ ጫፍ ይዞ ይዞራል። ካርቶን ላይ ብቻ መታተሙም አይረዳም፤ ካርቶን በመጀመሪያው ቀን ይጣላል፣ ገመድ ግን አምስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። ጫፉ ላይ ይታተም።

ራውተር ላይ ደግሞ መደመር ነው ያለው። “ኤሲ 1900” የሚለው በ2.4 ጊጋኸርዝ የሬዲዮ መስመር 600፣ በ5 ጊጋኸርዝ 1300 ሜጋቢት ሲደመር ነው። ስልክ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ስለሆነ ከዚህ ራውተር 1900 የሚያገኝ ስልክ የለም። (ሁለቱን መስመር አንድ ላይ መጠቀም ደረጃው ውስጥ የገባው ከዋይፋይ 7 ጋር ነው፤ እሱም በሁለቱም ወገን ሲኖር።) ባለ ሁለት አንቴና ስልክ በዋይፋይ 5፣ በ80 ሜጋኸርዝ ስፋት፣ የሚደርሰው 867 ነው። ይህም የሬዲዮው ፍጥነት እንጂ ፋይሉ የሚወርድበት አይደለም። ዋይፋይ እንደ መገናኛ ሬዲዮ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበት በመሆኑ፣ ተራ መጠበቁና ማረጋገጫ መላላኩ ተቀንሶ እጅ የሚገባው ከዚህ ቁጥር ግማሽ ወይም ጥቂት ከፍ ያለው ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ካርቶኑ ላይ 1200 ተጽፎበት ከጀርባው ያሉት የገመድ ሶኬቶች ባለ 100 ሜጋቢት የሆኑት ራውተሮች ናቸው። ቤቱ ውስጥ ሰፊ አውራ ጎዳና ሠርቶ በሩ ላይ መርፌ ቀዳዳ ማበጀት ይሏል ይህን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ ኢንተርኔቱ 200 ወይም 300 ሆኖ የፍጥነት መለኪያው ሁልጊዜ 94 ወይም 95 ላይ ከቆመ፣ ጥፋቱ የአየሩ አይደለም፤ ወይ ሶኬቱ ነው ወይ ገመዱ። ገመዱም ሊሆን ይችላል ያልነው፣ ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦ ሲፈልግ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ስለሚሠራ ነው፤ 100 ከማይጠቀምባቸው አራቱ አንዱ ሲበጠስ ራውተሩ ሳይናገር ወደ 100 ይወርዳል። መጀመሪያ ገመድ ቀይሩ፤ ካልተለወጠ የራውተሩን ዝርዝር አንብቡና “10/100” የሚል ካለ መፍትሔው ሌላ ራውተር ነው። ለአምራቹ ግን መልእክታችን፦ የሶኬቱን ፍጥነት ከአየሩ ፍጥነት ጎን ጻፉ። ሁለቱ ካልተስማሙ ገዢው ይየው።

የዋይፋይ ማኅበር በ2018 ፊደል የበዛበትን ስም ትቶ ዋይፋይ 4፣ 5፣ 6 ማለቱ ደግ ሥራ ነበር። ነገር ግን “ዋይፋይ 7” የሚል ማኅተም ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዝነኛው 320 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው በ6 ጊጋኸርዝ ላይ ነው፤ 6 ጊጋኸርዝ ጭራሽ የሌላቸው ዋይፋይ 7 ራውተሮች ደግሞ ይሸጣሉ። ትውልዱ ብቻ ሳይሆን መስመሮቹ፣ ስፋቱና የአንቴናው ቁጥር አብረው ይጻፉ። 2.4 ጊጋኸርዝን በተመለከተ ለራውተር አምራቾች አንድ ተጨማሪ ልመና አለ። እዚያ ላይ ሳይነካኩ የሚቀመጡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ዕቃውን ከፋብሪካ ስታወጡት በ40 ሜጋኸርዝ ስፋት ካስተካከላችሁት ከመስመሩ ግማሽ ያህሉን ለብቻው ይይዛል፣ ጎረቤቱንም ራሱንም ያውካል። 20 አድርጋችሁ ላኩት፤ ካርቶኑ ላይ ያለው 600 ስለሚቀንስ እንደማትወዱት እናውቃለን።

እዚህ ላይ ጥቂት ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። በ2012 ኢንቴል ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ የሚረጨው የሬዲዮ ጫጫታ 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ እንደሚወድቅ አሳይቷል። ገመድ አልባ ማውስ ሲዘል፣ ኪቦርድ ፊደል ሲውጥ፣ ብሉቱዝ ሲቆራረጥ ብዙ ሰው ባትሪ ይቀይራል። ነገሩ የጀመረው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ከተሰካ ወዲህ ከሆነ ባትሪው ንጹሕ ነው። የማውሱን መቀበያ በአጭር የዩኤስቢ 2 ማራዘሚያ ከዲስኩ አርቆ ማስቀመጥ፣ ወይም ከኮምፒውተሩ ሌላ ጎን መሰካት፣ ያበቃል። የማራዘሚያው ዋጋ ከማሸጊያው ፕላስቲክ ብዙም አይበልጥም፤ እሱን በማውሱ ካርቶን ውስጥ መጨመር ያቃተው አምራች ቢያንስ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይጻፍ።

ወደ ብሉቱዝ። ኢርፎን ካርቶን ላይ “ብሉቱዝ 5.3” በትልቁ ይጻፋል፣ ገዢውም ከ5.0 የተሻለ ድምፅ ይጠብቃል። የስሪት ቁጥር ስለ ድምፅ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። በ2016 ብሉቱዝ 5 ሲወጣ “ሁለት እጥፍ ፍጥነት፣ አራት እጥፍ ርቀት” የተባለለት ኃይል ቆጣቢው የሬዲዮ ክፍል ነው፤ እሱም በግዴታ ሳይሆን በምርጫ። ሙዚቃ በአብዛኛው የሚሄደው ግን በድሮው ብሉቱዝ፣ ኤቱዲፒ በሚባለው መንገድ ነው። ጥራቱን የሚወስነው ኮዴኩ፣ ማለትም ድምፁ ተጨምቆ የሚላክበት ዘዴ ነው። ሁሉም ዕቃ የግድ የሚችለው ኤስቢሲ የሚባለው ኮዴክ በጥሩ ቅንብሩ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ገደማ ነው። ኤልዳክ የሚባለው ሌላ ኮዴክ እስከ 990 ይደርሳል፤ ስልኩም ኢርፎኑም ካልቻሉት ግን ወደ ሌላ ኮዴክ ይወርዳል፣ ሰው በበዛበት ቦታም ራሱ ወደ 330 ዝቅ ሊል ይችላል። አይፎን ኤልዳክን አይችልም። ስለዚህ “ኤልዳክ አለው” ተብሎ የተሸጠ ኢርፎን ለአይፎን ባለቤት ያንን ክፍል በከንቱ አስከፍሎታል። “ከዚህና ከዚያ ስልክ ጋር ይህን ኮዴክ ይጠቀማል” የሚል ሁለት መስመር ይበቃል።

ማይክ ሲከፈት የሚሆነውን ደግሞ ማንም አምራች አይጽፍም። በኮምፒውተር ስብሰባ ውስጥ የኢርፎኑ ማይክ ሲነሳ ብሉቱዝ ከሙዚቃ መንገድ ወደ ጥሪ መንገድ ይዞራል። ያን ጊዜ ድምፁ ግራና ቀኝ የሌለው አንድ ወጥ ይሆናል፣ ናሙናውም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 8000 ወይም 16000 ብቻ ነው፤ ለንጽጽር የሲዲ ናሙና 44100 ነው። ሙዚቃው በድንገት ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ሲመስል ኢርፎኑ ተበላሸ ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው የኮምፒውተሩን የድምፅ ቅንብር ከፍቶ ማይክ ላይ የላፕቶፑን የራሱን መምረጥ፣ ኢርፎኑን ለማዳመጥ ብቻ መተው ነው። በ2020 ከብሉቱዝ 5.2 ጋር የመጣው ኤልኢ ኦዲዮ የሚባለው አዲስ የድምፅ መንገድና ኤልሲ3 ኮዴኩ ይህን ችግር የመፍታት አቅም አላቸው፣ ሁለቱም ወገን ሲኖራቸው። “እስከ 30 ሰዓት” የሚለውም ብዙ ጊዜ ድምፁ ግማሽ ላይ፣ ጫጫታ ማጥፊያው ተዘግቶ የተለካ ነው። ኢርፎኑን የሚገዛ ሰው ዋና ምክንያቱ ጫጫታ ማጥፊያው ከሆነ፣ እሱ ተዘግቶ የተለካ ሰዓት ምን ያደርግለታል?

ማከማቻን በተመለከተ 1 ቴራባይት ዲስክ ኮምፒውተር ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ መታየቱ ስርቆት አይደለም፤ አምራቹ በ1000 እየቆጠረ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበው ፍጥነቱ ነው። ሚሞሪ ካርድ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 170 ወይም 200 ሜጋባይት የማንበብ ፍጥነት ነው፤ አንዳንዴም የአምራቹ ልዩ ካርድ አንባቢ ሲኖር ብቻ የሚገኝ። ለካሜራ የሚያስፈልገው የመጻፍ ፍጥነት ነው፣ ያውም ዝቅተኛው። ይህን የሚናገሩት ትንንሾቹ ምልክቶች ናቸው፦ ቪ30 ማለት በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት አይወርድም ማለት ነው፤ ዩ3 ያው 30፣ ዩ1 ደግሞ 10። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ፎርኬ ካሜራ የሚጽፈው 12.5 ሜጋባይት ስለሆነ ቪ30 ይተርፈዋል። ኤስኤስዲም (በቺፕ የሚሠራው ዲስክ) እንዲሁ ነው። ኪውኤልሲ በሚባለው ርካሽ ሚሞሪ የተሠራ ዲስክ መጀመሪያ በፈጣን ጊዜያዊ ቦታው እየጻፈ ይበራል፤ ያ ቦታ ሲሞላ አንዳንዱ ከሃርድ ዲስክ በታች ይወርዳል። “እስከ 5000” ከመጻፍ “ለመጀመሪያው ይህን ያህል ጊጋባይት 5000፣ ከዚያ በኋላ ይህን ያህል” ማለት ይቻላል። በ2020 ትላልቅ ሃርድ ዲስክ አምራቾች ሲጽፉ ትራኮችን እንደ ቆርቆሮ ክዳን የሚደራርብ ዘዴ በአንዳንድ ዲስኮቻቸው ውስጥ ሳይናገሩ ማስገባታቸው ታውቆ ብዙ ቁጣ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩን አወጡ። መጀመሪያውኑ አንድ መስመር ነበር።

ሐሰተኛ ካርድን በተመለከተ ለገዢው፦ 8 ጊጋባይት ቺፕ “128 ነኝ” እንዲል ተደርጎ ይሸጣል። ስምንቱ እስኪሞላ ምንም አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስም አለ፣ ውስጡ ባዶ ነው። ፎርማት ማድረግ አያጋልጠውም። የሚያጋልጠው ሙሉውን ሞልቶ መልሶ ማንበብ ነው፤ ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3 የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች ይህን ያደርጋሉ። 128 ጊጋባይት በሰከንድ 20 ሜጋባይት ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ይችላልና ታግሦ መጠበቅ ነው። ፎቶ ከማንሳት በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

ቴሌቪዥንና ፕሮጀክተር ላይ አንቆይም። ፕሮጀክተሩን ስንት ነጥብ ያሳያል ቢሉት “1080 እደግፋለሁ” ይላል። በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው እንዳለችው ነው። መቀበልና ማሳየት ይለያያል፤ ውስጡ ያለው መስታወት 480 መስመር ከሆነ 1080ውን ተቀብሎ አሳንሶ ነው የሚያሳየው። “የራሱ ጥራት” የሚለውን ጻፉ፤ ብርሃኑንም አንሲ ሉመን በሚባለው ወጥ መለኪያ። የቴሌቪዥን ሶኬት ላይ ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚለውም ስም ብዙ አይናገርም፤ የድሮው 2.0 በ2.1 ውስጥ ተጠቃሎ አዲሶቹ ነገሮች በምርጫ ሆነዋልና። ፎርኬ በሰከንድ 120 ምስል የሚፈልግ ሰው የስሪቱን ቁጥር ሳይሆን “48 ጊጋቢት” ወይም “ፎርኬ 120” የሚለውን ይፈልግ።

አሁን ወደ ዲጂታል መደብሮች። እናንተ ካርቶን የላችሁም፤ ቁልፍ ግን አላችሁ፣ ላዩ ላይም “ግዛ” ይላል። የተገዛ ነገር የገዢው ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል፣ ያውሰዋል። የእናንተ “ግዛ” ግን አብዛኛውን ጊዜ አገልግሎቱ እስካለ ድረስ የሚሠራ የመጠቀም ፈቃድ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። በ2009 አማዞን ሸጦ የነበራቸውን መጻሕፍት ከባለቤቶቹ ኪንድል (የመጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ከርቀት ሰርዟል፤ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። በ2019 ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ዘግቶ የተሸጡት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፤ ገንዘቡ ግን ተመልሷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ 31 ቀን ትላልቅ የፊልም ኩባንያዎች የደገፉት አልትራቫዮሌት የሚባለው ዲጂታል የፊልም ማኅደር ተዘጋ። የካሊፎርኒያ ሕግ ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ሳያሳውቁ “ግዛ” ማለትን ይከለክላል። አንድ ግዛት ያስገደዳችሁን ለሁሉም አድርጉት። ቁልፉ ላይ “እስከምንዘጋ ተጠቀም” ብላችሁ ጻፉ አንልም፤ “የመጠቀም ፈቃድ” ማለት ግን ይቻላል። መቆለፊያ የሌለው ፋይል የምትሸጡ ደግሞ ይህንኑ በኩራት ጻፉት። ሙዚቃ ከ2009 ጀምሮ በትልቁ መደብር ያለ መቆለፊያ ሲሸጥ ቆይቷል፣ ኢንዱስትሪውም አልሞተም።

በሰርቨር የሚኖሩ ዕቃዎችም የዚሁ ወገን ናቸው። ሪቮልቭ የሚባለው የቤት ዕቃዎች መቆጣጠሪያ በ2016 ሰርቨሩ ሲዘጋ ሙሉ በሙሉ ዱዳ ሆነ። ስፖቲፋይ ለመኪና የሠራው መሣሪያ በታኅሣሥ 2024 መሥራት አቆመ። የሁለቱም ቺፕ ደህና ነበር። በተቃራኒው ፔብል የተባለው ሰዓት አምራቹ በ2016 ቢዘጋም በጎ ፈቃደኞች ሰርቨሩን ተክተው አቆዩት፣ የሰዓቱ ሶፍትዌርም በ2025 ለሕዝብ ተከፈተ። በብሪታንያ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ አምራች የደኅንነት ማሻሻያ እስከ መቼ እንደሚሰጥ መናገር ግዴታው ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሰኔ 2025 ወዲህ ለገበያ የሚቀርብ ስልክ ባትሪው ከ800 ሙሌት በኋላ ቢያንስ 80 በመቶ አቅም መያዝ አለበት። ይቻላል ማለት ነው።

“ገዢው በቁጥር ብዛት ይደናገራል” እንደምትሉ እንጠብቃለን። አሁንም ተደናግሯል። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ትላልቅ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ፍጥነቱን፣ መዘግየቱንና ጠቅላላ ክፍያውን በአንድ ወጥ ሠንጠረዥ ማሳየት ተገደዋል፤ ሠንጠረዡ የምግብ ጣሳ ጀርባ ላይ ያለውን ይመስላል። የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። በፓወር ባንክ ላይ ዋት ሰዓት፤ በገመድ ጫፍ ላይ ጊጋቢትና ዋት፤ በራውተር ላይ የሶኬቱ ፍጥነትና የየመስመሩ ስፋት፣ ሳይደመር፤ በኢርፎን ላይ ኮዴኩና ጫጫታ ማጥፊያው ተከፍቶ የተለካ ሰዓት፤ በዲስክ ላይ ዝቅተኛው የመጻፍ ፍጥነት፤ ሰርቨር በሚፈልግ ማንኛውም ዕቃ ላይ ደግሞ ወርና ዓመት ያለው የማብቂያ ቀን። “እስከ” የሚለውን ቃል መተው ካልቻላችሁ ለዚህ ለመጨረሻው አስቀምጡት።

ከሰላምታ ጋር
ካርቶን ገልብጠው ጀርባውን ከሚያነቡት

ግልባጭ፦
ካርቶኑን ለሚጥሉ
ገመዳቸውን በአንድ መሳቢያ ለሚያስቀምጡ ሁሉ